ባለቤት የሌለው ግስ

የኔታ ልየው ማረፋቸውን የሰማሁት የበር ማጠፊያ እየበየድኩ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ብየዳ ላይ ሆኜ ስልክ ማንሳት አልወድምና ተውኩት። በአራተኛው መነጽሬን አውልቄ አየሁት፤ ልጄ እናትነሽ ናት። ሞጣ በአዋላጅ ነርስነት ትሠራለች፤ ሥራ ላይ ሆና አትደውልም።

«አባባ፣ የኔታ ልየው አረፉ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። አጠገባቸው ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ፤ የብየዳው ስፌት ጠመመብኝ። ፈጭቼ እንደገና ጀመርኩት፤ አሁንም ጠመመ። ማሽኑን አጥፍቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ሰው ይሞታል፤ የኔታም ዕድሜ ጠግበዋል። እኔን አላስቀምጥ ያለኝ ሌላ ነው። ከስምንት ወር በፊት እኚህ ሰው በዚሁ ሱቄ በር ላይ ቆመው አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። መልሱን እኔ አውቅ ነበር። በመልስ ፋንታ ሰደብኳቸው።

የኔታ ልየው የቢቸና መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። «የኔታ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሾፌሮች ናቸው። በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተው ሳይመረቁ ስለወጡ፣ ለመቀለድ ነው። «የኔታ፣ የዛሬው ቅኔ በስንት ሰዓት ይነሳል?» ይሏቸዋል፣ የሞጣውን አውቶቡስ ማለታቸው ነው። «ሰሙ በአንድ ሰዓት፣ ወርቁ ሞተሩ ሲሞቅ» ብለው ይመልሳሉ፣ ቀና ሳይሉ። እኔ ግን የኔታ ብዬ ስጠራቸው ቀልድ አልነበረበትም።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። የድሮው የትኬት መስኮት ጣውላ ሆኖ መሃሉ ላይ እጅ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። በብረት ይቀየር ሲባል ሥራው ለእኔ ደረሰ። ጥቅጥቅ ያለ ፍርግርግ ሠርቼ ተሸክሜ ሄድኩ። የኔታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አዩት።

«ይሁኔ፣ ይህ የትኬት መስኮት ነው የወህኒ ቤት?»

«ሌባ እንዳይገባ ነው፣ የኔታ።»

«ሌባውማ ውጭ ቆሞ ነው የሚሸጠው። አስፋው። ገዢው ፊቴን ይየኝ።»

«ፊትዎ ምን ያደርግለታል?»

«ነገ ሲመለስ ማንን እንደሚሰድብ ያውቃላ!»

ተናድጄ ፍርግርጉን መልሼ ወሰድኩ፤ ግማሹን ዘንግ ቆርጬ አወጣሁት። ሰው ሥራዬን ሲያርመኝ አልወድም። ይህን የምጽፈው እውነቱን ለመናገር ስለሆነ ከአሁኑ ይታወቅልኝ።

«ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ነው» ይሉ ነበር። «ግስ ስታይ ባለቤቱን ፈልግ።» ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው በሰዋስው ባለቤት ማለት ድርጊቱን የፈጸመው ነው። እሳቸው ነገሩን ከሰዋስው አውጥተው መናኸሪያ ውስጥ አሠማሩት። ረዳቱ መጥቶ «የኔታ፣ ጎማው ፈነዳ» ካለ፣ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጉና «ማን አፈነዳው?» ይላሉ። ጸሐፊዋ «መዝገቡ ጠፋ» ካለች «ማን አጠፋው?» ነው። ሰው ጥፋት ሲሠራ «ተሰበረ»፣ «ተረሳ»፣ «ተበላሸ» እያለ ራሱን ከአረፍተ ነገሩ አሹልኮ ያወጣል፤ አሹልኮ የወጣውን አንገቱን ይዞ መመለስ የእሳቸው ሥራ ነበር።

ይህ ሁልጊዜ አይጥምም። ለቅሶ ቤት እንኳ አይተዉትም። አንዱ «እገሌ በጠና ታመመ ተባለ» ሲል «ማን አለ?» ብለው ድንኳኑን ጸጥ ያሰኙታል። ሚስታቸው እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ቀን «ወጡ አረረ» ቢሏቸው እንደ ልማዳቸው «ማን አሳረረው?» ብለው ጠየቁ። «አንተ! በወሬ ይዘህኝ!» አሏቸው። የኔታ ይህን ሲያወሩ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። «ባለቤቴ ባለቤቱን አገኘችው» ይላሉ።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት የታመሙ እናቷን ይዛ ባሕር ዳር ለመሄድ መጣች። ትኬቱን የገዛችው ከመስኮቱ አይደለም፤ በር ላይ ከቆመው ደላላ ነው። ደላላው ደምሴ ይባላል፤ ምላሱ ለስላሳ፣ እግሩ ፈጣን ነው። ሴትዮዋ ስትገባ ወንበሯ ላይ ጃኬት ተቀምጧል። ደምሴ «ተይዟል፣ እህቴ፤ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» አላት። እኔ የመናኸሪያውን በር ልለካ ሄጄ እዚያው ቆሜያለሁ። የኔታ ከመስኮታቸው ወጥተው አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ።

«ማን ያዘው?»

«ሰው ነዋ፣ የኔታ።»

«እኔ የማየው ጃኬት ነው። ጃኬት ባሕር ዳር ምን ጉዳይ አለው? ታሟል?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ደምሴም እየሳቀ ጃኬቱን አነሳ፤ የራሱ ነበር። የኔታ ግን አልሳቁም። አሮጊቷን ደግፈው ካስቀመጡ በኋላ ልጅቱን «ልጄ፣ ትኬት ስትገዢ ፊቱን ነገም የምታገኚውን ሰው ምረጪ» አሏት። ያኔ እኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር፤ ትክክል ነው ብዬ። የሰማሁትን ሁሉ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር።

ሌላውን ብቻ የሚያርሙ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ አልጽፍላቸውም። አንድ ጊዜ ለአንድ ፈተና ለሚሄድ ወጣት ሰኞ ብለው መጻፍ ሲገባቸው ማክሰኞ ብለው ጻፉለት። ልጁ ማክሰኞ መጣ፤ ፈተናው አመለጠው። የኔታ መስኮቱን ዘግተው ወደ ልጁ ወላጆች ቤት ሄዱ። አባትየው አናጢ ስለሆነ ያን ዕለት ለሥራ እዚያው ነበርኩ። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ልጁ ራሱ ባለበት «እኔ ልየው ቀኑን አሳስቼ ጻፍኩ። ልጃችሁን ከፈተና ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሰዎቹ አፈሩ። «ኧረ ይግቡ፣ የኔታ፤ ሰው ነዎት፤ ይሳሳታሉ» አሉ። አልገቡም። ልጁ አንድ ነገር እስኪላቸው ጠበቁ። ልጁ በመጨረሻ «እሺ» አለ። ያችን «እሺ» ይዘው ተመለሱ። እኔ በልቤ አበዙት አልኩ። ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ አይዋረድም አልኩ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን በመዝገበ ቃላትና በብየዳ ማሽን መመሪያ ራሴን አስተማርኩ። ቤቴ ውስጥ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሲመጣ የማነበው እኔ ነኝ፤ ልጆቼ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላም እኔ ነኝ። ልጆቼን በቁጣ አሳድጌያለሁ። በሥርዓት ያደጉት በቁጣዬ ነው እል ነበር።

እናትነሽ ሁለተኛ ልጄ ናት። ሞጣ በተቀጠረች በዓመቷ አንዲት ወላድ ከገጠር በሰው ሸክም በወሳንሳ መጥታ፣ ደሟ አልቆም ብሎ እጇ ላይ ሞተችባት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ደም የሚፈሳቸውን ወላዶች ስለማዳን የሚያሠለጥን ቦታ ስትፈልግ ኖራ በመጨረሻ አገኘች፤ ሕንድ አገር፣ የአንድ ዓመት ሥልጠና። የጥሪ ደብዳቤው ግልጽ ነበር፤ በተባለው ቀን ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ቤታችን በደስታ መቀመጥ አቃተው። እኔም ትኬቱን ራሴ ካልቆረጥኩ አልኩ።

እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን። ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። የአውሮፕላን ሥዕል አለው፤ ከላይ የተሰረዘ ትልቅ ዋጋ፣ ከሥሩ ትንሽ ዋጋ፣ ከጎኑ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት። አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ያ ሰዓት ልቤን ያዘው።

«አባባ፣ ባሕር ዳር ካለው የአየር መንገዱ ቢሮ ብንገዛስ?» አለች እናትነሽ።

«ይኸው የአየር መንገዱ ስም ተጽፏል። ያው አውሮፕላን አይደለም እንዴ? ወይስ ቢሮ ሄዶ የገዛ ሰው ሁለት ክንፍ ይጨመርለታል?»

«እሱስ ያው ነው… እሺ፣ ስሜን እኔ ልጻፈው።»

«ስምሽን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። መጻፉ ያቅተኛል?»

ፓስፖርቷን እንደያዘች ከኋላዬ ቆመች። ጻፍኩ። ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ጨረስኩ። ክፍያውን አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ በካርዱ ፈጸመልኝ። ትኬቱ በስልኬ መጣ። ያን ቀን እንደ እኔ የኮራ ሰው በቢቸና አልነበረም።

በማግስቱ አሳትሜው የኔታ ልየውን ጠበቅኳቸው። ያኔ ጡረታ ወጥተው ከረፋድ ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በትኬት ዓመታቸውን የጨረሱ ሰው ናቸውና ያደንቁኛል ብዬ ነው።

«ሻጩ የት ነው?» አሉ።

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኢንተርኔት ቀበሌው የት ነው?»

«የኔታ ደግሞ! ዘመኑ እንዲህ ነው። አየር መንገዱን ከነዋጋው ያሳይሃል፣ ትመርጣለህ፣ በቃ።»

«ታዲያ ሻጩ የአውሮፕላኑ ጌታ ነው?»

«አይደለም። እሱ…» ብዬ ከወረቀቱ ሥር በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። በቀጥታ ስተረጉመው «እኛ በተጓዡና በአየር መንገዱ መካከል ያለን አገናኝ ብቻ ነን» ይላል።

የኔታ ብዕራቸው ባይኖርም በጣታቸው አግዳሚውን ሁለቴ መቱት። «እና ደላላ ነው በለኛ! ደምሴ ነው በለኛ! ይህን ሁሉ ከምታደክመኝ!»

ከዚያ ፓስፖርቱን እንዳመጣ ጠየቁኝ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ፊደል ከፊደል ማመሳከር ግን ያውቃሉ። አንዱን ጣት ፓስፖርቱ ላይ፣ አንዱን ጣት ትኬቱ ላይ አድርገው እንደ ሚዛን እያመጣጠኑ ሄዱ። የመጀመሪያው ፊደል ላይ ቆሙ። «ይህ ከዚህ ጋር ወንድማማች ነው?» አሉ። አልነበረም። የልጄ ስም ፓስፖርቷ ላይ የሚጀምረው «ኢ» በሚባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እኔ እንደሚሰማኝ በ«አይ» ጀምሬዋለሁ። መሃል ላይም የሌለ «አይ» ጨምሬያለሁ። የራሴን ስም ፓስፖርቱ በሁለት ፊደል ሲጨርሰው እኔ በአንድ ጨርሼዋለሁ። ሦስት ፊደል።

«ፊደል ምንም አይደል፤ ይስተካከላል» አልኩ።

«ማን ያስተካክለዋል?» አሉ የኔታ።

የሚቀጥሉትን ቀናት እንዴት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በረራው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ድረ ገጹ ወደ ሰጠው ስልክ ስደውል ሙዚቃ ይሰማል። ሙዚቃው ያልቅና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ወደ አየር መንገዱ ቢሮ ደወልኩ፤ አንድ ጨዋ ወጣት አዳመጠኝና «አባቴ፣ ትኬቱን ያወጣው ሌላ አካል ነው። ስም መንካት የሚችለው የሸጠልዎት ነው» አለኝ። የሸጠልኝ ደግሞ ሙዚቃ ነው። መልእክት ጻፍኩ፣ መልስ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ቢቸና የስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እንደዚህ ያለው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ግን የዚያን ጊዜው እንደ ማነቆ ያዘኝ። ምግብ አልበላ አለኝ። በር ልሠራለት የተዋዋልኩትን ሰው ጮኽኩበት።

የኔታ ናቸው ሞጣ እንሂድ ያሉኝ። እዚያ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ወዳጅ አሏቸው፤ ሐጂ ሙስጠፋ ይባላሉ። ሱቃቸው በመስመር የሚገባ ኢንተርኔት አለው። በዚያ ጊዜ መንገዱም የሚታመን አልነበረም። መሃል መንገድ፣ ግንደወይን ከተማ ላይ፣ ብዙ ሰዓት ቆምን፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ይጠብቃል፤ እኔ አውቶቡሱን እየዞርኩ እቆጥራለሁ፤ ስምንት ቀን፣ ስምንት ቀን። የኔታ በእርጅናቸው ከእኔ ጋር ቆመው አንድም ጊዜ «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም።

ሐጂ ሙስጠፋ ወንበራቸውን ለቀውልኝ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። «እኔ ለዑምራ ስሄድ ቢሮው ሄጄ ነው የምገዛው» አሉ። «ነገር ቢበላሽ የማንን ጠረጴዛ እንደምመታ አውቃለሁ።» መልእክቱን ከፈትኩ፤ መልስ መጥቷል! ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው።

«‹የስም ማስተካከያ ጥያቄዎ ተመዝግቧል። ለሚመለከተው ተላልፏል። ይስተካከላል። ውጤቱ ይገለጽልዎታል።›»

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። የኔታ ከተቀመጡበት አልተነሱም። «እንደገና አንብበው» አሉ። አነበብኩ። አራት ጣት አወጡ። «አራት ግስ ነው። ተመዘገበ፣ ተላለፈ፣ ይስተካከላል፣ ይገለጻል። አንድም ባለቤት የለውም። ይሁኔ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው የለም። ከዚሁ ወደ ባሕር ዳር እንቀጥል። የልጅቱን ትኬት ከቢሮው ግዛላት፤ ይኸኛውን ለቅሶ ድረስለት።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ትኬት?»

«ለአንድ ሰው አንድ ትኬት። ይኸኛው ትኬት አይደለም።»

ሐጂ ሙስጠፋም «እኔም ከጎንህ እቆማለሁ፣ ከገንዘቡ የጎደለ ካለ» አሉ። እምቢ አልኩ። ሰበብ ደረደርኩ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ሁለተኛ ትኬት ብገዛ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን አገር ያውቃል። ይህን ዛሬ ነው የምጽፈው፤ ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም። ስለዚህ «ይስተካከላል» የሚለውን ቃል ይዤ ወደ ቢቸና ተመለስኩ፤ ሰባቱንም ቀን እሱን እያኘክኩ።

አልተስተካከለም። በበረራው ጠዋት አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ቆምን። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርቱን አየች፣ ማሽኗን አየች፣ አለቃዋን ጠራች። አንድ ፊደል ቢሆን ይታለፍ ነበር አሉ፤ ሦስት ነው፤ ትኬቱንም የሸጡት እነሱ አይደሉም። አዲስ ልግዛ አልኩ። የዚያን ቀን ሞልቷል፤ የሚቀጥለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የልጄ ቦታ የሌላ ነው። እናትነሽ አላለቀሰችም። ሻንጣዋን ከሚዛኑ ላይ ራሷ አወረደችው። ወደ ቤት ስንመለስ የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩን እስክንሻገር ፓስፖርቷን በእጇ እንደያዘች ነበረች።

ለልጆቻችሁ ትኬት የምትገዙ ሰዎች ብትሰሙኝ፣ ርካሹን አትጥሉ አልልም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት፣ ነገር ቢበላሽ የሚያርመው ማን እንደሆነ ስሙን ጠይቁ። የሚቆጥር ሰዓት ቢያሳያችሁ ዝጉት። ስም ደግሞ ከጆሮ አይጻፍም፤ ከፓስፖርቱ ይገለበጣል። ይህን ለማወቅ የከፈልኩት እኔ ብሆን ኖሮ አይቆጨኝም ነበር።

ቢቸና ስንደርስ ሰው ሁሉ ጠየቀ። «ስሙ ተሳስቶ ቀረች» አልኩ። ለጎረቤት እንዲህ፣ ለማኅበር እንዲህ። አንዳንዴም «የዘንድሮ ኢንተርኔት!» እላለሁ። በሦስተኛው ቀን የኔታ መጡ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም።

«ስሙ ተሳሳተ ትላለህ አሉ።»

«አዎ፣ ተሳሳተ።»

«ማን አሳሳተው?»

«ድረ ገጹ ነዋ!»

«ድረ ገጹማ ደላላ ነው፤ የደላላ ሥራውን ሠራ። ፊደሉን የጻፈው ማን ነው?»

የብየዳ መከለያዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት። ከመከለያው ውስጥ ሆኜ «የኔታ፣ እዚህ መናኸሪያ አይደለም» አልኩ። ይህ አልበቃኝም። «ደግሞ ቅኔውን ሳይጨርስ የሸሸ ሰው፣ ሰው ሊያርም አይችልም» አልኩ።

የኔታ «ለእኔ አትመልስልኝ» አሉ። «ለእሷ መልስላት።» ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሱቄ በኩል አላለፉም። እትዬ ጥሩወርቅ ቀድመዋቸው አርፈው ስለነበር ሲታመሙ ሞጣ ያለች የእህታቸው ልጅ ወሰደቻቸው። እናትነሽ በየቀኑ ትጠይቃቸው እንደነበር አውቃለሁ። እኔ አልሄድኩም። በየሳምንቱ ልሄድ እነሳ ነበር፤ በየሳምንቱ የሚበየድ ነገር አገኝ ነበር።

ቀብራቸው ሞጣ ሆነ። ከቢቸና ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሄደ፤ ሾፌሮቹ ተራ ተቀባብለው አስከሬኑን ተሸከሙ። ከሁሉ ይበልጥ ያለቀሰው ደላላው ደምሴ ነው። «ከመስኮታቸው ወጥተው ይሰድቡኝ ነበር፤ አሁን ማን ሰው ነህ ብሎ ይሰድበኛል?» እያለ ደረቱን ይመታል።

ከቀብር በኋላ እናትነሽ ወደ ሥራዋ ከመመለሷ በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አብረን ተቀመጥን። ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ይዛለች።

«በየቀኑ ‹አባትሽ የነገረሽ ነገር አለ?› ይሉኝ ነበር» አለች። «የለም ስላቸው፣ ‹ይነግርሻል፤ ይሁኔ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው› ይሉኝ ነበር። ምኑን ነው የምትነግረኝ?»

ተነሳሁ። ትንሽ ተራመድኩ፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ለልጄ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

«ስምሽን አበላሽቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔታ ሌላ ትኬት ግዛላት ሲሉኝ እምቢ ያልኩትም እኔ ነኝ። ከትምህርትሽ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።»

ፌስታሉን አጠገቧ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። «ስትጽፍ ከኋላህ ቆሜ አልነበር? የመጀመሪያውን ፊደል ስትሳሳት አይቼሃለሁ።»

«አይተሽ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ፌስታሉን አንስታ ተነሳች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ብነግርህ ትቆጣኝ ነበራ» አለች።

አልዋሽም። እቆጣት ነበር።